የዲዝኒ የማታ ፓርቲ ገንዘቡን ያወጣል ወይ? (ረጅም ክር ነው፣ መልሶቹን በቁጥር ሰብስቤያለሁ)

የመጀመሪያው ፖስት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ መልሱ ግን እኛ ቤት እስካሁን አልተገኘም። ልጆቹን ይዘን ከቨርጂኒያ ኦርላንዶ ልንወርድ ነው፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ እና የቀኑ ቲኬት ራሱ ሰው የሚያሳምም ሆኖ ሳለ ማታ ማታ ደግሞ ለብቻው የሚሸጥ ፓርቲ እንዳለ ባለቤቴ አገኘ። ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ፓርካቸው የሚደረገው የሃሎዊን ፓርቲ ነው፣ ኖት ሶ ስኬሪ (ብዙም የማያስፈራ) የሚሉት። በ2025 ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 31 በተመረጡ 38 ምሽቶች ነው ያለው፣ ዋጋው እንደ ቀኑ ነው፣ ከ119 ዶላር ይጀምርና የሃሎዊን ዕለት 229 ይደርሳል፣ ይሄ በሰው ነው። ከ3 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ የሚቀንሱት 10 ዶላር ብቻ ነው፣ 3 ያልሞላው በነፃ ይገባል።

እኛ ሁለት ትልቅ ሁለት ትንሽ ነን። እርካሹን ምሽት ብንይዝ 456 ዶላር፣ 6.5 በመቶ ታክስ ሲጨመር 485 ዶላር ከምናምን። ውዱ ምሽት ከነታክሱ 954 ዶላር ነው። ፓርቲው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፣ የቀን ቲኬት ብቻ የያዘ ሰው 12 ሰዓት ላይ ይሸኛል (በሀበሻ ሰዓት ነው የማወራው)። ባለቤቴ ይሄ ሁሉ ለአምስት ሰዓት ነው ወይ እያለ ነው፣ እኔ ደግሞ ልጆቹ አንዴ ካደጉ አደጉ ባይ ነኝ። የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩን፣ ከሰው ሰምታችሁ ሳይሆን ሄዳችሁ።

በኋላ የጨመርኩት፦ መልሱ በጣም ስለበዛና መሃል ላይም ስለተጣላችሁ፣ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም እንዳያነብ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጫለሁ። ስም አልጠቀስኩም። አስተያየቴንም ጣል ጣል አድርጌያለሁ፣ የኔ ክር ነው፣ መብቴ ነው።

መልስ 1። ከአትላንታ የጻፈች እናት ናት፣ በጣም በትህትና። ሄዳለች፣ ወዳዋለች፣ ግን የወደደችው አንድ ነገር ስላወቀች ነው፣ እሱም የፓርቲ ቲኬት የያዘ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ መግባት ይችላል። ስለዚህ በዚያ ቀን የቀን ቲኬት አልገዙም። ጠዋት ሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ልጆቹን አዋኝታ፣ ምሳ አብልታ፣ አስተኝታ፣ 10 ሰዓት ላይ በር ላይ። አምስት ሰዓት የተባለው ስምንት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ በ2025 የአንድ ቀን መደበኛ ቲኬት እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ እስከ 199 ዶላር እንደሚደርስ አስታወሰችን፣ እና 119 ዶላሩ ፓርቲ የቀኑን ቲኬት ከተካ ርካሽ ነው፣ በቀኑ ቲኬት ላይ ከተደረበ ግን እብደት ነው አለች። እውነት ለመናገር ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ ምንም አይጎድልም ነበር።

መልስ 2። አንድ መስመር ነው። በዚህ ገንዘብ ሀገር ቤት ስንት ሰው ይረዳል የሚል። ይሄ ሰው ስለ ስልክ ብጠይቅም፣ ስለ ፍራሽ ብጠይቅም ይህንኑ እንደሚጽፍ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል።

መልስ 3። ቲኬቱ እራት ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ አንዱ።

መልስ 4። ረጅም ነው፣ ግን ጠቃሚ። እራት የለም። የሃሎዊኑ ላይ ከረሜላ አለ፣ በየቦታው ቆመው እየዘገኑ ለልጅም ለአዋቂም ከረጢት ይሞላሉ። የክሪስማሱ ፓርቲ ላይ ኩኪስና ትኩስ ካካዎ ይሰጣሉ። ከነዚህ ሁለቱ ሌላ ግን ብዙ ሀበሻ የሚያምታታው ሦስተኛ ነገር አለ፣ አፍተር አወርስ የሚባል፣ በ2016 ማጂክ ኪንግደም ላይ በ149 ዶላር የጀመረ፣ አሁን እዚያው ፓርክ ከዚያ ዋጋ አልፏል። እሱ ፓርቲ አይደለም። ፓሬድ (የገጸ ባሕርያቱ ሰልፍ) የለም፣ ርችት የለም፣ በቃ ጥቂት ሰው ያስገቡና ፓርኩ ለሌላው ከተዘጋ በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል ራይድ (የሚጋለበውን መጫወቻ) እየደጋገሙ መጋለብ ነው፣ አይስክሬም፣ ፖፕኮርንና ለስላሳ ያለ ክፍያ። ጻፊዋ ከጎረምሳ ልጆቿ ጋር ሄዳ ስፔስ ማውንቴን ከሚባለው ራይድ ወርደው ወዲያው እንደገና እንደወጡበት ነገረችን። ምክሯም ግልጽ ነው፦ ራይድ የሚወድ ትልቅ ልጅ ካለሽ አፍተር አወርስ፣ ሚኪንና ፓሬዱን የሚወድ ትንሽ ልጅ ካለሽ ፓርቲው፣ ሁለቱንም ከፈለግሽ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ። ነገር ግን ሃሎዊንና ክሪስማስ ሰሞን ማጂክ ኪንግደም ላይ ቦታውን ፓርቲዎቹ ስለሚይዙት አፍተር አወርስ የምትፈልጉ ሌላ ወቅት ላይ እዩ ብላለች።

መልስ 5። ፓርቲው ሌሊት 1 ሰዓት ተጀምሮ 6 ሰዓት ጠዋት ያልቃል ወይ፣ ልጆቹስ መቼ ይተኛሉ ብሎ የደነገጠ ሰው። ሁለት ሰዎች የሀበሻ ሰዓት መሆኑን አስረዱት። ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

መልስ 6። መልስ 1ን አንድ ቦታ ላይ አረመ። የአትላንታዋ እናት ፈጣኑን ሰልፍ፣ ላይትኒንግ ሌን የሚሉትን፣ ለፓርቲውም መግዛት ይቻላል ብላ ነበር። አይቻልም። ፓርቲው ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው በመደበኛው ሰልፍ ነው የሚገባው፣ የሰው ቁጥር ስለሚያንስ ግን ሰልፉም ያጥራል። ከዚያ ሳይጠየቅ ታሪኩን ዘረገፈው፦ ድሮ ፋስትፓስ ነፃ ነበር፣ በ2021 ኦክቶበር ጂኒ ፕላስ ብለው በቀን በ15 ዶላር መሸጥ ጀመሩ፣ በ2024 ጁላይ ስሙን ቀይረው ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ አሉት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ፕሪሚየር ፓስ የሚባል አመጡ፣ እሱ በበዓል ሰሞን ማጂክ ኪንግደም ላይ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን እስከ 449 ዶላር ነው። ከ449 ጎን ሲቀመጥ 119 ትንሽ መስሎ እንደሚታይ እኔም አስተዋልኩ፣ እነሱም ይህን የሚያውቁት ይመስለኛል።

መልስ 7። እዚህ ላይ ድምፁ ከፍ አለ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አሜሪካ የኖሩ ጋሼ ናቸው፣ ልጆቻቸውን እዚያው አሳድገው አሁን የልጅ ልጅ ይዘው የሚሄዱ። ያናደዳቸው የፓርቲው ዋጋ ብቻ አይደለም። ድሮ የዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው ሁሉ፣ ርካሹም ክፍል ውስጥ ያደረ ቢሆን፣ አንዳንድ ምሽት ፓርኩ ለሌላው ተዘግቶ ለሱ ክፍት ይሆንለት ነበር፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ኤክስትራ ማጂክ አወርስ ይባል ነበር። በ2020 ቀረ። በ2021 መልሰው ሲያመጡት ማታውን ውድ ሆቴል ላደሩት ብቻ አደረጉት፣ ለሁለት ሰዓት፣ ለሌላው ደግሞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መግባት። ስለዚህ የእርሳቸው ክርክር የሚከተለው ነው፦ አዲስ ነገር አልሸጡልንም፣ የነበረንን ምሽት ወስደው በ119 ዶላር መለሱልን። በ1971 ሲከፈት መግቢያው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር ብለውም ጨመሩ፣ አጠራራቸው እንደ ስድብ ነው የሚሰማው።

መልስ 8። አንድ አካውንታንት ነኝ ያለ ሰው (ማን ጠየቀው) ጋሼን አረማቸው። 3 ዶላር ከ50 የበሩ ብቻ ነበር፣ ራይዶቹ ላይ ለመውጣት ከኤ እስከ ኢ ፊደል ያለው ኩፖን ለየብቻ ይገዛ ነበር። በዋጋ ንረት ሲሰላም ያ ገንዘብ ዛሬ ወደ 28 ዶላር ገደማ ነው፣ 3 ዶላር አይደለም። ደግሞም የክሪስማሱ ፓርቲ ከ1983፣ የሃሎዊኑ ከ1995 ጀምሮ በተለየ ቲኬት ሲሸጥ የኖረ ነው፣ የጋሼ ልጆች ሲያድጉም ነበር፣ ስለዚህ ተወሰደብን የሚባል ነገር የለም አለ።

መልስ 9። ጋሼ ተመለሱ። 28 ዶላርም ይሁን፣ እስቲ በ28 ዶላር አስገቡኝ አሉ። ፓርቲው በ1995 እንደጀመረ እኔም አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ፓርቲውም ነበር ነፃው ምሽትም ነበር፣ አሁን ነፃው የለም፣ አንተ ደሞዝህን አስበህ ተናገር ምናምን። አካውንታንቱ የታሪኩን ዓመተ ምሕረት አስተካክሏል፣ ጋሼ ግን ነገሩን ተናግረዋል። ለኔ ጋሼ አሸንፈዋል።

መልስ 10። ከዳላስ የጻፈ አባት፣ የሄደ፣ እና ያልተደሰተ። የሱ ችግር ዋጋው አልነበረም፣ አጠቃቀሙ ነው፣ ራሱም በደንብ አስቀምጦታል። ሴት ልጁ የስኖው ዋይትን ሰባት ድንኮች ማግኘት አለብኝ አለች፣ እነሱ ደግሞ ሰባቱም አንድ ላይ በአዘቦት ቀን ስለማይገኙ ሰልፉ ፓርቲው ሳይጀመር ነው የሚያዘው። እዚያ ቆሙ። ከዚያ ጃክና ሳሊ የሚባሉት የፊልም ገጸ ባሕርያት ጋር ሄዱ፣ እዚያም ቆሙ። ሁለት ፎቶ ተነሥተው ቀና ሲሉ ምሽቱ ተጋምሷል፣ የመጀመሪያው ፓሬድ አልፏል። ጭንቅላት የሌለው ፈረሰኛ ከፓሬዱ ፊት እየጋለበ የሚያልፈውን አላዩም፣ እሱን ሁሉም ሰው ነው የሚያወራው። ምክሩ፦ ገጸ ባሕርይ ወይም ትርኢት፣ አንዱን ምረጡ፣ ፓሬዱ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ ደግሞ የሁለተኛውን ጠብቁ፣ ልጅ የያዘ ሰው በዚያን ሰዓት ወደ ሆቴል ስለሚገባ መንገዱ ይሳሳል።

በመጨረሻ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፣ ልጁ ለፓርቲው የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ እንደሄደችና ፈረንጆቹ ምን ዓይነት ልዕልት እንደሆነች እየጠየቁ እንዳደነቋት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባይጽፋት ኖሮ።

መልስ 11። የሀገር ልብሳችን የሃሎዊን ማስመሰያ አይደለም ብላ አንዷ ተነሣች። ጥበብ የተለበሰው ከጠንቋይና ከአጽም ጋር ነው፣ ያሳፍራል አለች።

መልስ 12። ልጅቱ ንግሥተ ሳባ ነኝ ብላ ከሄደች ምን አለበት አለ ሌላው። ቀጥሎም ሕጉን ነገረን፣ እሱን ሳላውቅ ቀርቼ ነበር፦ በአዘቦት ቀን 14 ዓመት የሞላው ሰው ኮስቱም ለብሶ መግባት አይችልም፣ ፓርቲው ላይ ግን አዋቂም ይችላል፣ ረጅም መጎናጸፊያ፣ ፊት የሚሸፍን ጭንብልና መሣሪያ የሚመስል ነገር ካልሆነ በቀር። ነጠላ እንደ መጎናጸፊያ ይቆጠር ይሆን ብሎ አንዱ በቁም ነገር ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 13። ሊመጣ የነበረው መጣ። ሃሎዊን የሰይጣን በዓል ነው፣ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው በነፃም አይሄድም እንኳን በ119 ዶላር። ጥቅስ ሦስት።

መልስ 14። የመልስ 13 ሰውዬ ልጆቹ ትምህርት ቤት ኦክቶበር ላይ ምን እንደሚለብሱ ፎቶ ይለጥፍልን ብሎ አንዱ አፋጠጠው። አላማረበትም።

መልስ 15። ረጋ ያለች ሴት መሃል ገባች። እዚያ ያለው ሃሎዊን ዱባና ከረሜላና ሚኪ ነው፣ ደም የለም ጩኸት የለም፣ ለዚያ ነው ስሙን እንደዚያ ያሉት። ለልጆቿ ያስረዳችው በቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ማለት ኦገስት 19 ነው፣ ፓርቲው በተጀመረ በአራተኛው ቀን፣ እና የእኛም ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ሆያ ሆዬ ብለው በየቤቱ ዞረው ሙልሙል ይቀበሉ የለም ወይ፣ እዚያ ደግሞ ከረጢት ይዞ እየዞሩ ቸኮሌት ነው አለች። መልስ 13 የደብረ ታቦርን በዓል ከዚህ ጋር አታነጻጽሪ ብሎ እንደገና ተቆጣ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ገብቼ የሃይማኖቱን ነገር በሌላ ክር ጨርሱት ብያለሁ፣ ስለዚህ የሚቀጥሉትን ቁጥሮች ዘልያቸዋለሁ፣ ብዙም አልቀረባችሁ።

መልስ 19። ሃሎዊኑ የሚከብዳችሁ የክሪስማሱን ያዙ አለ አንዱ በቅንነት። ከኖቬምበር ጀምሮ ነው፣ ዋጋው ግን ከሃሎዊኑ ርካሽ ምሽት ይበልጣል። መንገዱ ላይ በረዶ ይዘንባል፣ ያው የሳሙና አረፋ ነው፣ ፍሎሪዳ ላይ ሌላ ምን ሊዘንብ፣ ልጆቹ ግን ያብዳሉ።

መልስ 20። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 እንደሚገባ አንዷ አስታወሰችው። ከፍላችሁ ገብታችሁ ኩኪሱ ቅቤ ነው፣ ካካዎው ወተት ነው፣ ያላችሁት አማራጭ ማየት ነው አለች። ልጆቹስ አይጾሙ፣ እኛ ግን? በዚህ ክር ከሳቅኩባቸው አንዱ ነው፣ ጉዳዩ ግን ቀልድ አይደለም፣ ከቲኬቱ ውስጥ ቀድማችሁ የከፈላችሁበትን ሳትበሉ ነው የምትወጡት። እኛ ጥምቀት ሊደርስ ስንል ሄደን ጌጡ ተነቅሎ ነበር የሚልም አለ።

መልስ 21። የካሊፎርኒያ ሰው። ኦርላንዶ ላይ ዋጋ ተወደደ ትላላችሁ፣ እኛ ጋ ደግሞ ገንዘብ ይዘህም አታገኝም አለ። አናሃይም ባለው የዲዝኒ ፓርክ፣ ካሊፎርኒያ አድቬንቸር፣ ኡጊ ቡጊ ባሽ የሚባለው የሃሎዊን ፓርቲ ከ2019 ጀምሮ አለ፣ ቲኬቱ የሚወጣ ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ወረፋ ተይዞ ለሰዓታት ይጠበቃል፣ ከዚያ አለቀ ይባላል። በዚህ አያያዝ ሰው ተወደደ እያለ የሚገዛው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱንም ራሱ ሰጠ፦ ካለቀ ዋጋው ገና ዝቅተኛ ነው ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይጨምሩታል። ደረቅ ነው ግን ልክ ነው።

መልስ 22። ያላገባ ወጣት። ሕፃን ነገር ተዉት፣ ዩኒቨርሳል (ሌላው የኦርላንዶ ፓርክ) ሂዱ አለ፣ ሃሎዊን ሆረር ናይትስ፣ ከ1991 ጀምሮ ያለ፣ እውነተኛ የሚያስፈራ።

መልስ 23። የመልስ 22ን ምክር ሰምታችሁ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ የሚል አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ። ዩኒቨርሳል ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም ብሎ ይጽፋል፣ ኮስቱምም አያስገቡም፣ መጠጥ እንደ ልብ ነው፣ መጋዝ የያዘ ሰው ከጭስ ውስጥ ብቅ ይላል። የጻፈችው እህት ባሏ ሌላ ነገር መስሎት ቲኬት ቆርጦ እሷ ስድስተኛ ወሯ ላይ እንደገባች ነው የነገረችን። ባሏ ዛሬም ይሰማዋል።

መልስ 24። ስለ ዝናብና ስለ ሃሪኬን። ይህን ማንም አላነሣውም ነበር፣ ትልቅ ነገር ነው። የፓርቲ ቲኬት ለተወሰነ ቀን ነው፣ ቀርቻለሁ ብትል ገንዘብ አይመለስም፣ ዘነበ ብለህም አይመለስም። ኦገስትና ሴፕቴምበር ርካሽ የሆኑት ለዚህም ነው፦ ከሰዓት በኋላ ፍሎሪዳ መብረቅ ነው፣ ሙቀቱ ማታም አይለቅም፣ ልጆች ትምህርት ጀምረዋል፣ የሃሪኬኑም ዋና ወቅት ነው። መብረቅ ሲኖር ፓሬዱ ሊቀር ይችላል። ሚልተን የሚሉት ሃሪኬን በ2024 ሲመጣ ደግሞ ፓርኮቹ ኦክቶበር 10 ተዘግተው የዚያን ቀን ፓርቲ ጭራሽ ሰረዙት። ጻፊው ከቻላችሁ ፓርቲውን በጉዟችሁ መጀመሪያ ላይ አድርጉት ይላል፣ ምክንያቱም ሥራ ላይ ደክሞ የሄደ ሰው የመጨረሻው ቀን እግሩ ዱባ ሆኖ እስከ እኩለ ሌሊት አይቆምም።

መልስ 25። አዲስ የተጀመረ ፓርቲ በመጀመሪያው ምሽት አትግዙ የምትል አጭር ማስታወሻ። የዲዝኒው ሆሊውድ ስቱዲዮስ ፓርክ ላይ በ2023 ኖቬምበር የጀመረው የክሪስማስ ፓርቲ፣ ጆሊውድ ናይትስ፣ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሰልፉ ምን ያህል እንደተወራበት አስታወሰች። ከዚያ በኋላ አስተካክለውታል፣ ግን የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች ሙከራ ሆነው ቀሩ አለች።

መልስ 26። ከዱባይ። ግሎባል ቪሌጅ መግቢያው 25 ወይም 30 ድርሃም ነው፣ ማለት 7 ወይም 8 ዶላር ገደማ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ የፈለጋችሁትን ሀገር ምግብ በልታችሁ ርችት አይታችሁ ትወጣላችሁ አለች። እዚያ ግን ራይዱ ለየብቻ ነው የሚከፈለው ብሎ አንዱ ሊያርማት ሞከረ። እሷም ማን ራይድ ላይ ይወጣል፣ እኔ የምሄደው በወር አንዴ ዕረፍት ሲሰጡኝ ለመቀመጥ ነው ብላ ዘጋችው። ቀጥሎ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ቦራ መዝናኛ ማውራት ጀመረ፣ ሦስት አራት ሰው ተከተለው፣ በልጅነታችን ምናምን፣ ጥሩ ነበር ግን ክሩ ጠፋ።

መልስ 31። ክሩን ወደ ቦታው የመለሰችው ይህች ናት፣ ከመልስ 1 ቀጥላ ለኔ ዋናዋ። ፓርቲውን አትግዙ፣ ተጠቀሙበት አለች። ፓርቲ ያለበት ቀን ብዙ ሰው ማጂክ ኪንግደምን ይሸሻል፣ ምክንያቱም 12 ሰዓት ላይ ውጡ ስለሚባልና የማታውን ርችት ስለሚያጣ። ስለዚህ ጠዋት በር ሲከፈት ግባ፣ ሰልፉ አጭር ነው፣ ትሮን የሚባለውን ራይድና የድንኮቹን ባቡር ተሳፈር፣ 12 ሰዓት ሲሉህ በፈገግታ ውጣ፣ ፓርክ ሆፐር (በአንድ ቀን ከፓርክ ወደ ፓርክ የሚያዛውር ቲኬት) ካለህ በሞኖሬል ወደ ሌላው የዲዝኒ ፓርክ ወደ ኤፕኮት ሄደህ ርችቱን እዚያ እይ። ሌላው ሰው የከፈለው 119 ዶላር ላንተ ባዶ ፓርክ ይገዛልሃል።

መልስ 7፣ ጋሼ፣ ይህን አንብበው ልጄ ተባረኪ ብለዋታል። አካውንታንቱ ሆፐሩም ገንዘብ ነው አለ። እሱም ልክ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ግን አራት የፓርቲ ቲኬት አያክልም።

መልስ 34። የኔ ነው። ባለቤቴ መልስ 31ን፣ እኔ መልስ 1ን ይዘን ተቀምጠን ሂሳብ ሠራን። ልጆቹ 6 እና 8 ናቸው፣ ራይዱ ብዙም አያሳስባቸውም፣ ፓሬድና ከረሜላ ነው የሚፈልጉት፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ደግሞ አይችሉም። ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ 119 ዶላር ከሆኑት ምሽቶች አንዱን ይዘናል፣ ለማጂክ ኪንግደም ሌላ ቲኬት አንገዛም፣ 10 ሰዓት ላይ ነው የምንገባው። ልጆቹ ትላልቅ ቢሆኑ ወይም ያገኘነው የኦክቶበር መጨረሻ ምሽት ብቻ ቢሆን አልገዛም ነበር፣ 954 ዶላር ከፍሎ ሰልፍ ላይ መቆም የለም።

መልስ 35። ጥሩ አደረጋችሁ የሚል፣ ቀጥሎም እራቱን ምን ልታደርጉ ነው የሚል። ያ ጥያቄ ነው የመጨረሻውን ጭቅጭቅ ያስነሣው።

መልስ 36። ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ብዙ ሰው አያውቅም። የማይፈቀደው የብርጭቆ ዕቃ፣ አልኮል፣ መሞቅ የሚፈልግ ምግብና ኃይለኛ ሽታ ያለው ምግብ ነው።

መልስ 37። ኃይለኛ ሽታ ማለት ለማን ነው ብላ የሜሪላንድ እህታችን ተነሣች። ለሷ ሽሮ አይሸትም። ለኔ ይሸታል አለ ባሏ የሚመስል ሰው።

መልስ 38 እና 39። ቋንጣ ፍርፍር ከቀዘቀዘ በኋላ ይሸታል አይሸትም። አልተስማሙም። አንዱ በር ላይ ቦርሳ ሲፈተሽ ክዳኑን አትክፈቱት የሚል ምክር ሰጠ፣ ሌላው ያንን ያደረገ ዘመዱ ምን እንደደረሰበት ሊነግረን ጀምሮ አልጨረሰም። ጨርስልን።

መልስ 40። ዝም ብላችሁ ድርቆሽ ያዙ አሉ እማማ (ፕሮፋይላቸው ላይ ያለው ሥዕል የጀበና ነው፣ ሌላ ምንም አላውቅም)። አይሸትም፣ አይበላሽም፣ ማሞቅ አይፈልግም፣ በርበሬና ዘይት በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ውሃው ደግሞ ፈጣን ምግብ የሚሸጡበት ቦታ ሁሉ በረዶ ያለበት በነፃ ይሰጣሉ፣ ጠይቁ ብቻ።

መልስ 41። ጨው እንዳትረሱ፣ በዚያ ሙቀት ልጅ ላብ ያወጣዋል፣ ዳቦ ቆሎም ጨምሩበት። ስትሮለር (የልጅ ጋሪ) ያላችሁም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ኪራዩ ያስቆጫል።